ቁጥሩ የዕቃው ስም አይደለም

የወርቅ መፈለጊያ ዲቴክተር ይዘው የሚወጡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማሳያው 40 ቢል ወርቅ ነው ወይ?» ስለዚህ ጥያቄ በአጭሩ እንነጋገር።

መሣሪያው ከሥሩ ባለው ክብ ጥቅል ሽቦ የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል። በመሬቱ ውስጥ ብረታ ብረት ካለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣበትና ምላሽ ይሰጣል። መሣሪያውም ምላሹ ምን ያህል እንደ ዘገየ መዝኖ ቁጥር ያወጣለታል። እንግዲህ ቁጥሩ የምላሹ ልክ እንጂ የዕቃው ስም አይደለም። ምላሹም በብረቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በመጠኑ፣ በውፍረቱና በቅርጹ ይለዋወጣል።

ከ0 እስከ 99 በሚቈጥሩ ብዙ መሣሪያዎች ላይ ምስማር ከታች ይወድቃል፤ መዳብና ጠገራ ብር ከላይ ይወጣሉ። መካከሉ ግን የተደበላለቀ ነው። ትንሽ የወርቅ ቅንጣትና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት አንድ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ መወሰን አይገባም። ቦታውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ከቃኘን በኋላ ዞረን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንቃኘው። ቁጥሩ ከጸና ይበልጥ ይታመናል፤ ከዘለለ ግን የዛገ ብረት ወይም ጎን ለጎን የተቀበሩ ሁለት ዕቃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ብረት የበዛበት ቀይ አፈርም ቁጥሩን ስለሚያዛባ፣ መሣሪያውን አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የሰው ሕይወት ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት ባለፈበት ምድር የተቀበረ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ቀርቶአል። አካላቸው ፕላስቲክ የሆነ ፈንጂዎች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ብረት ከአንዲት መርፌ ብዙ አይበልጥም። ምልክታቸው ከወርቅ ቅንጣት ወይም ከምስማር ስባሪ ላይለይ ይችላል፤ ጭራሽም ላይሰማ ይችላል። የሠለጠኑ ፈንጂ አምካኞች እንኳ ምልክቱን ሁሉ እንደ ፈንጂ ቈጥረው ይመረምራሉ እንጂ «ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው» ብለው አያልፉም።

በእንዲህ ያለ ስፍራ «ቈፍሩ» የሚያሰኝ ቁጥር የለም። ወርቅ ቢቀር ይቅር፤ የልጅ እግር ግን ከተቈረጠ በኋላ አይበቅልም። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው አይንካው፤ አጠገቡ ያሉትን ያስጠንቅቅ፤ ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስም ያስታውቅ።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞችና የጉባኤ መሪዎች፣ ይህን ቃል ከእሑድ ስብሰባ በኋላ፣ በዕድርም በገበያም እንድትናገሩ እንለምናችኋለን። ከብት የሚጠብቁትን ልጆች በተለይ አትርሱ።