የላኪው ስም

በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ ከተማ፣ ሩዙን በድረ ገጽ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖርና ከጎንደር ትእዛዝ ቢመጣለት፣ «ትእዛዝዎ ደርሶናል» የሚለውን ኢሜይል የሚልከው እሱ ሳይሆን ሰርቨሩ ነውና፣ ያ ግዑዝ ሎሌ የጌታውን ስም ካላስተማሩት በቀር፣ «ዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ዳታ» በመሰለ ባይተዋር ስም ፈርሞ ይሰደዋል።

ስሙ የሚጻፈው በሁለት ስፍራ ነው፤ ተቀባዩ በሚያነበው በደብዳቤው ራስጌና ከዓይን በተሰወረው በፖስታው ላይ። አድራሻ ያጣ መልእክት የሚመለሰው በፖስታው ላይ ወደ ተጻፈው ስለሆነ፣ ራስጌውን ብቻ ያሳመረ ነጋዴ ደንበኛው አድራሻውን አሳስቶ መጻፉን እንኳ ሳያውቅ ሩዙን ሰፍሮ ይጠብቃል። በፒኤችፒ ለተሠራ ድረ ገጽ መላው ቀላል ነው፤ በሜይል ትእዛዙ መጨረሻ «ሰረዝ ኤፍ» ብሎ የራስን አድራሻ ማስከተል። ነገሩም የሚመለሰውን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይል ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማንነቱን ያላረጋገጠ ላኪን በቀላሉ አያስገባም።