አሮጌ ጥለት ሳይጠየቅ አይቆረጥ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማህበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከልብስ ስፌት ቡድኑ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አሮጌ ልብስ ነው። ጉዳዩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በመካከላችን ቅሬታ የፈጠረ ስለሆነ፣ በጓዳ ከሚታማ በአደባባይ ተነጋግረንበት እልባት ቢያገኝ ይሻላል ብለናል።

እንደምታውቁት ቡድናችን ካረጀ ጋቢ፣ ነጠላና የአገር ባህል ቀሚስ የእጅ ቦርሳ፣ መቀነት፣ የፀጉር ማሰሪያና የገንዘብ መያዣ ይሠራል። ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ ለመቋቋም በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ጋቢ የማይደርብ የለም። ታዲያ ያ ጋቢ ሲያረጅ ምን ይሆናል? መጀመሪያ የሕፃን ማቀፊያ፣ ቀጥሎ የምጣድ ማሰሻ፣ በመጨረሻም የእሳት ራት ይሆናል። በእንዝርት ስንት ሌሊት የተፈተለ ማግ እንዲሁ አመድ ሆኖ ይቀራል። እኛ የተነሣነው ይህን ለማስቀረት ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ ጆንያ ልብስ አምጥቶ ሰጠን። በውስጡ የሟች እናታቸው የዓመት በዓል ቀሚስ ነበረበት። ጥለቱ ደማቅ፣ ጨርቁም ገና ጤነኛ ነበር። እኛም ማንንም ሳንጠይቅ ቆርጠን አራት የገንዘብ መያዣ አደረግነው። ልጅቱ መጥታ «የእናቴ ቀሚስ የት አለ?» ስትል መልስ አጣን። ቀሚሱ ጆንያው ውስጥ የገባው በስህተት ነው ብለን ራሳችንን ለማዳን አልሞከርንም፤ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። ይቅርታ ጠየቅን፣ አራቱንም መለስንላት፤ ቀሚሱን ግን መመለስ አልቻልንም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ደረሰብን።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሕጋችን ይህ ነው፦ ሊለበስ የሚችለውን አንቆርጥም። የምንቆርጠው የተቀደደውን፣ የሳሳውንና ባለቤቱ «ይቆረጥ» ያለውን ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ቡትቶ መልሶ መሸጥ ያሳፍራል» ትላላችሁ። ኧረ ምኑ ያሳፍራል! ድሪቶ እኮ የአባቶቻችን ሥራ ነው፤ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየደረቡ ብርድን ያሸነፉበት ነው። በጃፓንም ድኻ ገበሬዎች በሰማያዊ ቀለም የተነከረ አሮጌ ጨርቅ እየደራረቡ ይሰፉ ነበር። ስሙ ቦሮ ይባላል። ያ የድኻ ልብስ ዛሬ በሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቋመች። መነሻዋ ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነበር። ያረጀ የመኪና ጎማ ለጫማው ሶል፣ የሸማኔ እጅ ያወጣው ጨርቅ ለላይኛው አካል ሆነና ጫማው ባሕር ተሻግሮ ተሸጠ።

ሸማኔን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በድሮ ጊዜ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ የሠራውን ለብሰው እሱን ይንቁት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ቢነገርም ንቀቱ በአንድ ጀምበር አልጠፋም። ስለዚህ አሮጌውን ጥለት ስናከብር የሸማኔውንና የፈታይዋን ድካም ማክበራችን ነው።

አሠራሩን ደግሞ በአጭሩ እንንገራችሁ፤ በየቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

በቅድሚያ የጥለቱ ቀለም ይልቀቅ አይልቀቅ መፈተን አለበት። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥለቱን ማሸት ነው፤ ነጩ ከቀላ ያ ጥለት ከነጭ ጋቢ ጋር አብሮ አይሰፋም። ይህን ሳናውቅ የመጀመሪያዎቹን ቦርሳዎች አበላሽተናል። ቀጥሎ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ፣ ሳይጠመዝዙ በጥላ ማስጣት ነው።

ሲደርቅ በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፈው ቦታ አልቋል። ነጠላ ትከሻ ላይ የሚያርፈው መሃሉ ይሳሳል፤ ጥለቱ ያለበት ጫፍ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ፣ የውጪው ቢያልቅም የውስጡ ሊተርፍ ይችላል፤ ተርትራችሁ ተመልከቱ።

ከሁሉ በላይ ግን መቀስ አታስቀድሙ! የሸማ ጨርቅ እንደተቆረጠ ድሩና ማጉ ይላቀቃል። በሚቆረጠው መስመር ግራና ቀኝ በስፌት መኪና አንዳንድ መስመር ስፉና በመካከሉ ቁረጡ። ከውስጥ የአቡጀዲ ገበር ይግባለት። የቦርሳው ቂጥ ክብደት ስለሚሸከም ከአሮጌ ሸራ ይሁን። ማንጠልጠያውን ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉት። ገዢ የሚመለሰው በጥለቱ ማማር ብቻ አይደለም፤ ማንጠልጠያው ሲበጠስበት ሁለተኛ አይመጣም።

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው። አሮጌ ልብስ የምትሰጡን ወገኖች፣ ከመስጠታችሁ በፊት ቤተሰቡ በሙሉ ይየው። እኛም እያንዳንዱን በፊታችሁ ዘርግተን የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን እንጽፋለን። ከእያንዳንዱ ጆንያ ከሚሠራው አንድ ዕቃ ለሰጪው ቤት ይመለሳል። ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ልጆቻችሁን ላኩልን፤ መርፌ ከያዙ እናስተምራቸዋለን። እናቶችም መፍተል የምትችሉ ኑና አሳዩን፤ ድር ሲበጠስ መቀጠል የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ያቺ ልጅ አሁን ከእኛ ጋር ትሰፋለች። አንዷን የገንዘብ መያዣ ለራሷ አስቀርታ ሦስቱን ለእህቶቿ ሰጥታለች። አዲስ ጆንያ ሲመጣም መጀመሪያ የምትፈትሸው እሷ ናት።