ሪሞት በአምቦ መንገድ፦ ስለ ታህተ ቀይ ብርሃን፣ ስለ መኪና ሙዚቃና ስለ ጥሩ የምርምር ጥያቄ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም ቤት ስላለ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ሪሞት። ለሕዝብ ንግግር የሚበቃ ርዕስ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም በአንድ ወቅት እንዲሁ ተጠራጥሬ ነበር፤ በመጠራጠሬም ተሳስቻለሁ። ንግግሬ ያንን ስሕተት ከማመን ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመረቂያ ሥራ ርዕሶችን ከሚመዝኑ መምህራን አንዱ ነበርኩ። ከአምቦ አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ልጅ የሆነ ተማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበልን። በአባቱ መኪና ውስጥ አነስተኛ ኮምፒውተር አስቀምጦ ሙዚቃውን በእርሱ ለማጫወት፣ ኮምፒውተሩንም ረዳቱ ከኋላ ሆኖ በሪሞት እንዲያዝ ለማድረግ ፈለገ። እኔም «ይህማ ገበያ ላይ የሞላ ነገር ነው፤ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካውን ገዝተህ ጨርስ» ብዬ መለስኩት። ተማሪው ግን አልተቀየመም። «ዶክተር፣ አባቴ ዘፈን ለመቀየር ሲያጎነብስ ዓይኑ ከመንገዱ ይነሣል» አለኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሁለት ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያንን ርቀት ሾፌሩ ሳያይ ያልፈዋል ማለት ነው። ከኋላው ተሳፋሪ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ከብት የሚነዳ እረኛና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ። ርዕሱን ያጸደቅነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን አሁንም ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ቀለም ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ አገኘው። ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የምንለው ብርሃን በዚህ ሁኔታ ታወቀ። ዓይናችን እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የሞገድ ርዝመት ያያል፤ በሪሞት ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ግን ብዙውን ጊዜ በ940 ናኖሜትር ታበራለች። ስለዚህ ዓይናችን አያያትም። የብዙ ስልኮች ካሜራ ግን ያያታል፤ ዛሬ ማታ ሪሞታችሁን ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ብትጫኑ ሐምራዊ የሚመስል ብልጭታ ልታዩ ትችላላችሁ።

የቴሌቪዥን ሪሞት ከጅምሩ በኢንፍራሬድ የሚሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 የዜኒት ኩባንያው ዩጂን ፖሊ በሚታይ ብርሃን የሚሠራ መቆጣጠሪያ ሠራ። ችግሩ ተቀባዩ የፀሐይን ብርሃንም እንደ ትእዛዝ መቁጠሩ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሮበርት አድለር በረቂቅ ድምፅ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ተተካ፤ ኢንፍራሬድ የተስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ፀሐይ የሪሞት የመጀመሪያ ባላጋራ እንደነበረች ልብ በሉልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

የዛሬው ሪሞት ከፀሐይ የሚከላከለው በማርገብገብ ነው። ፀሐይም ታህተ ቀይ ብርሃን ትልካለች፤ የእርሷ ግን የተረጋጋ ነው። የሪሞቱ ብርሃን በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይበራል፣ ይጠፋል። ተቀባዩም በገበያ ጫጫታ መካከል የእናቱን ድምፅ እንደሚለይ ሕፃን ይህንን ርግብግቢት ብቻ ለይቶ ይሰማል። መልእክቱ የተጻፈው በብልጭታና በዝምታ ርዝመት ነው። በስፋት በሚሠራበት የኤን ኢ ሲ ደንብ መሠረት መጀመሪያ የ9 ሚሊ ሰከንድ ብልጭታ፣ ቀጥሎ የ4.5 ሚሊ ሰከንድ ዝምታ ይመጣል፤ ይህ «ስማኝ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ 32 ቢቶች ይከተላሉ። ከእያንዳንዱ አጭር ብልጭታ በኋላ ያለው ዝምታ አጭር ከሆነ ዜሮ፣ ረጅም ከሆነ አንድ ይሆናል። የዕቃው አድራሻና ትእዛዙ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይላካሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ዜሮው አንድ፣ አንዱ ዜሮ ሆኖ ይመለሳል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ተቀባዩ መልእክቱን ይጥለዋል። የተጠራጠረ ምስክር ቃሉን ሁለት ጊዜ እንደሚጠየቀው መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ተቀባዩ ሦስት እግር አለው፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ አንዱ ለመሬት፣ አንዱ ለመልእክት። ተማሪያችን የተጠቀመበት ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር መልእክት የሚቀበልባቸው እግሮች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። ተቀባዩን ከ5 ቮልት ጋር ያገናኘ ሰው ኮምፒውተሩን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ የሊኑክስ ስርዓት ብልጭታውን ወደ ቁልፍ ስም ይለውጣል፣ የቁልፉ ስም ደግሞ ለሙዚቃ ማጫወቻው ትእዛዝ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያለው በመጽሐፍ የሚገኝ ነው። መጽሐፍ ያልነገረን ከመኪናው ተገኘ።

ዕቃው በአባቱ ሚኒባስ ላይ በሚገባ ሠራ። አንድ ሌላ ሾፌር አይቶ ወደደውና ለእርሱም ተሠራለት። በዚህኛው መኪና ግን ሪሞቱ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ባትሪ ተቀየረ፤ ተቀባዩ ተቀየረ፤ ሽቦው ሁሉ እንደገና ተበየደ። ለውጥ አልመጣም። ተማሪው ወደ እኔ ሲመጣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ነበር። ሪሞቱ እምቢ ያለበትን ሰዓትና የመኪናውን አቅጣጫ አንድ በአንድ መዝግቧል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት እምቢ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ይሠራል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና እምቢ ይላል።

መልሱ ካርታው ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ ወደ ባኮ የሚዘልቀው መንገድ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። የአባቱ መኪና የምታድረው አምቦ ነው፤ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ትጓዛለች። ፀሐይ ሁልጊዜ ከፊቷ ናት። ተቀባዩ ደግሞ ከፊት ተቀምጦ ወደ ተሳፋሪው ስለሚያይ ጥላ ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ መኪና አዲስ አበባ ታድራለች፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች። ፀሐይ ሁልጊዜ ከኋላዋ ሆና በኋላው መስታወት ገብታ ተቀባዩን ፊት ለፊት ትመታዋለች። የተረጋጋ ብርሃን እንደ ትእዛዝ ባይቆጠርም፣ ሲበዛ የተቀባዩን ዓይን ያደክማል፤ ደካማው የሪሞት ብልጭታ በውስጡ ይሰጥማል። በአንደኛዋ መኪና ፀሐይ ለሾፌሩ ጠላት፣ ለሪሞቱ ወዳጅ ነበረች፤ በሁለተኛዋ ተገላቢጦሽ። መድኃኒቱም ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ተቀባዩ በአጭር ጥቁር ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወደ መኪናው ጣሪያ እንዲያይ ተደረገ። ነጣ ያለው የጣሪያ ጨርቅ የሪሞቱን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ፣ ረዳቱ ሪሞቱን ወደ ላይ ቢያነጣጥር ይበቃዋል፤ የተሳፋሪ ራስም አይከልለውም።

ሁለተኛው ፈተና ኤሌክትሪክ ነበር። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተር ሲሠራ ከ14 ቮልት ሊያልፍ፣ ሞተር ሲነሣ ከ10 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። ቴፕ ይህን ይችለዋል፤ ኮምፒውተር ግን አይወደውም። ሾፌሩ ቁልፉን በድንገት ሲያጠፋ የሚጽፈውን ሳይጨርስ የተቋረጠ ሜሞሪ ካርድ ይበላሻል። መፍትሔው ሁለት ሽቦ ማስገባት ሆነ። አንዱ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ይሰጣል፤ ሌላው ከቁልፉ መጥቶ «ጠፍቷል» ብሎ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ያንን ሲሰማ ሥራውን ሰብስቦ ራሱን ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይቋረጣል።

ሦስተኛውን ፈተና ግን በየትኛውም የምህንድስና መጽሐፍ አላገኘሁትም። አንድ ቀን መኪናዋ ከጊንጪ አልፋ ወደ አምቦ ስትመጣ ቀብር የሚሸኝ ሕዝብ መንገዱን ይዞ ነበር። በአገራችን እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መኪናው ይዘገያል፣ ሙዚቃው ይዘጋል። ረዳቱም የድምፅ ማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነ። ሙዚቃው ግን አልጠፋም። ቀደም ሲል ዘፈን ለመዝለል ደጋግሞ ተጭኖ ስለነበር ፕሮግራሙ ትእዛዞቹን በተራ እየፈጸመ ነበር፤ ዝም የማለቱ ትእዛዝ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ይጠብቃል። የጭፈራ ዘፈን በሐዘንተኞቹ ፊት ለጥቂት ሰከንዶች ቀጠለ። አንዲት እናት ከመኪናው ውስጥ «ኧረ በእግዚአብሔር» ብለው ጮኹ። ሾፌሩ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ።

ተማሪው በማግሥቱ ቢሮዬ መጣ። «ዶክተር፣ ማጫወቱ ቀላል ነው፤ ዝም ማሰኘቱ ነው የከበደኝ» አለኝ። ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈው። ድምፅ ማጥፊያው ከዚያ በኋላ ተራ አይጠብቅም፤ ሌላውን ሁሉ ሰርዞ ወዲያውኑ ይፈጸማል። በኮምፒውተር ሳይንስ ይህንን ቅድሚያ መስጠት እንለዋለን፤ ለዓመታት ሳስተምረውም ምሳሌዬ ሁልጊዜ ከሩቅ አገር ፋብሪካ የተወሰደ ነበር። ሕዝቡ ግን ያውቀው ኖሯል፤ ለሐዘንተኛ መንገድ ይለቀቃል።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ከዚህ ወዲያ ርዕስ ስመዝን «ይህ ገበያ ላይ አለ ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው «ይህ ነገር እዚህ፣ በእኛ መንገድና በእኛ ሰው መካከል ሲውል የሚበላሸው የት ላይ ነው? ለምን?» ብዬ ነው። ዕቃው የመጣበት አገር መሐንዲስ መንገዳችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋቱን አያውቅም፤ ቀብር ሲያልፍ ሙዚቃ እንደሚዘጋም አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። በሆለታም ሆነ በጉደር ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ ባለሙያዎች በልምድ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ የሚነግሯችሁንም ጻፉ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ ከመመለሳችን በፊት ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንጠይቀው። የእኔ ተማሪ ጥያቄ የመጣው ከአባቱ ዓይን ነበር፤ እኔ ግን ሪሞቱን ብቻ አየሁ።