ስለ ኬንት መርከብ መቃጠል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ እንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ስንማር የምንሰማው ስለ ሻይና ስለ ሐር፣ ስለ ትርፍና ስለ ግዛት ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን በኩባንያው መርከብ ስለ ተሳፈሩት ሰዎች ነው።

ኬንት 1,350 ቶን የምትለካ ባለ ሸራ መርከብ ስትሆን፣ ኩባንያው ተከራይቶ ያሠራት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1825 ዓ.ም. ወደ ቤንጋልና ወደ ቻይና ለመሄድ ከእንግሊዝ ተነሣች። ከ640 በላይ ሰዎች ተሳፍረውባታል፤ የሚበዙትም ወታደሮች፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ህንድን የሚገዛው ይኸው የነጋዴ ኩባንያ ስለ ነበረ፣ በንግድ መርከብ ወታደር መጫን የተለመደ ነበረ።

መጋቢት 1 ቀን በቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል ሲያንገላታት፣ አንድ መኮንን ጭነቱን ለመመርመር ፋኖስ ይዞ ወደ ታች ወረደ። ከቦታው የተንቀሳቀሰ የአረቄ በርሜል ደግፎ ሳለ መርከቢቱ በድንገት አዘነበለች። ፋኖሱ ወደቀ፤ እርሱን ለማንሣት ሲል በርሜሉን ቢለቀው ተሰበረና አረቄው ተቀጣጠለ።

ካፒቴን ኮብ እሳቱ ባሩዱ ዘንድ ቶሎ እንዳይደርስ የታችኛው መስኮቶች ተከፍተው ባሕሩ እንዲገባ አዘዘ። ይህ ትእዛዝ ለብዙዎች ጊዜ አስገኘ፤ ወደ ላይ መውጣት ያልቻሉ አንዳንድ በሽተኞችና ሕፃናት ግን ከታች ጠፉ። ሻለቃ ማክግሬጎር የስንብት ደብዳቤ ጽፎ በጠርሙስ ውስጥ አኖረ፤ ጠርሙሱም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በባርቤዶስ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ካምብሪያ የተባለች፣ የኮርንዎል ማዕድን ቆፋሪዎችን ወደ ሜክሲኮ የምትወስድ መርከብ ደረሰች። መጠኗ 200 ቶን ያህል ብቻ ነበረ። ባሩድ ወደ ጫነች፣ ወደምትነድ መርከብ መጠጋት ለራስ ሞትን መጥራት ነው። ካፒቴን ኩክ ግን በአቅራቢያው ቆሞ ጀልባዎቹን ተቀበለ። አስቀድመው ሴቶችና ሕፃናት ተሻገሩ፤ ማዕድን ቆፋሪዎቹም የሚመጡትን በክንዳቸው እየጎተቱ አወጡ። ከ500 በላይ ሰዎች በዚያች ጠባብ መርከብ ተጨናንቀው ፋልማውዝ ወደብ ገቡ። ሌሊት ኬንት ፈነዳች፤ ከስባሪዋ ላይ የተንጠለጠሉ 14 ሰዎችንም ካሮላይን የተባለች መርከብ አነሣች። ሰማንያ ያህል ሰው ሞተ።

ወዳጆቻችን፤ ወታደሩና ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ የተላኩት የኩባንያው ግዛት እንዲጠበቅ ነበር። ከሞት ያዳኗቸው ግን ከኩባንያው ምንም ጥቅም የማያገኙ ድኾች ቆፋሪዎች ናቸው። ታሪክ ስንጽፍ የኩባንያውን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የእነዚህንም ክንድ እንመዝግብ።