ሐውልት ሲነሣና ሲተከል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጥቂት ደቂቃ አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የከተማ አደባባይ፣ ሐውልትና ስም አብሮ የሚለወጥበት ምክንያት ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። አያቶቻችን የአገራቸውን ስም ሲጽፉ «በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» ይሉ ነበር። በደርግ ዘመን «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ተባለ። እኛ ዛሬ «ደቡብ ጎንደር ዞን» እንላለን። በደብዳቤ ራስጌ ላይ ሦስት ስም ተፈራረቀ፤ እስቴ የሚለው ስም ግን ከሕዝቡ አፍ አልወጣም።

ይህ መለዋወጥ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በዋናው ከተማ በአዲስ አበባ ነው። በ1923 ዓ. ም. ከዘውድ በዓሉ ጋር የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ደግሞ በምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሙ። በ1928 ዓ. ም. ጠላት ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ሁለቱንም ሊያያቸው አልወደደም። የዓድዋን ድል የሚያስታውሰውን የንጉሡን ሐውልት አውርዶ ቀበረው፤ አንበሳውንም ወደ ሮም ወሰደው። ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ በባዕድ አገር በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ፣ ሰይፉን መዝዞ ቁጣውን ገለጸ። ከ1933 ዓ. ም. ነፃነት በኋላ የምኒልክ ሐውልት ተመልሶ ቆመ፤ አንበሳው ግን ወደ አገሩ እስኪመለስ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ።

ዘውዱ በ1967 ዓ. ም. ከወረደ በኋላ ደርግ አንበሳውን የንጉሥ ምልክት ነው ብሎ ሊያነሣው ባሰበ ጊዜ፣ አርበኞች የዘርዓይን ታሪክ አስታውሰው እንዳስተዉት ይነገራል። ሌላው ግን ብዙ ተለወጠ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ፣ መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ። የሌኒን ሐውልትም ተተከለ። በግንቦት 1983 ዓ. ም. ያ መንግሥት ሲወድቅ የሌኒን ሐውልት በዚያው ሰሞን ተገለበጠ፤ አደባባዩም ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

ታዲያ አንዱ ወድቆ ሲነሣ ሌላው ወድቆ የቀረው ስለ ምንድን ነው? ሁለቱንም ያቆማቸው መንግሥት ነበር። ልዩነቱ ሕዝቡ ነው። አባቱ ዓድዋ የዘመተ ሰው የምኒልክን ሐውልት ሲያይ የአባቱን ድካም ያያል። ስለ ሌኒን ግን እንዲህ ያለ ትዝታ የነበረው ቤት ጥቂት ነው።

«እንግዲያው ምንም አይነሣ ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። ዳሩ ግን ከማፍረስ ሌላም መንገድ አለ። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ፋሺስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን በየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ ቆጥረው የሠሩት የደረጃ ሐውልት አለ። ከነፃነት በኋላ አልፈረሰም፤ በላይኛው ደረጃ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የጠላት ትምክሕት ለምስክር ቀረ፤ የእኛም መልስ ከላዩ ተቀመጠ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ነገ ከመካከላችን መሐንዲስም፣ ሹምም የሚሆን ይኖራል። «ይህ ስም ይፋቅ፣ ያ ሐውልት ይነሣ» ብሎ የሚያዝም፣ የሚታዘዝም ከእኛው ይወጣል። ያን ቀን መዶሻ ከማንሣቱ በፊት «ማን አቆመው? ስለ ምን? ሕዝቡስ ምን ይለዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ልምምዱን ከዛሬ እንጀምር። በየመንደራችን ያሉትን የቦታ ስሞች ምክንያት ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። የተቀበረ ሐውልት ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሳይጻፍ ከሽማግሌ ጋር የተቀበረ ታሪክ ግን አይወጣም።