በፉሪ ዳገት ላይ ስለ መሮጥ



ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ሲወጡ ከመካከሉ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘኋቸውና «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የለም፣ ደኅና ነኝ፤ ሦስተኛው ፎቅ ሩቅ ሆኖብኝ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ሳቁ ጠፋብኝ፤ ከስምንት ዓመት በፊት እኔም በዚያው ደረጃ ላይ፣ በዚያው ስፍራ እቆም ነበርና። እኒህ ሰው የሚኖሩት የውጭ አገር ሯጮች ገንዘብ ከፍለው ለልምምድ በሚመጡበት ደጋ ላይ ነው። ተራራው ከቢሯቸው መስኮት ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጠውት አያውቁም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለሚገኙት የሩጫ መንገዶች፣ ይልቁንም እኔ ስለ ለመድሁት ስለ ፉሪ ይሆናል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ፣ የውጭ አገሮቹም ጭምር፣ በእኛ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ከተማችን በተራሮች የተከበበች መሆኗን የማያውቅ የለም። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ ደግሞ የረር ቆመዋል። እንጦጦ እስከ 3,200 ሜትር ሲደርስ ወጨጫ ወደ 3,400 ይጠጋል፤ ፉሪ ከእነርሱ ታናሽ ሲሆን ከ2,800 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ታናሽ ማለቴ ግን በእኛ ሚዛን ነው። በኮረብታ ሩጫ ስሟ በሚጠራው በእንግሊዝ አገር ከፍተኛው ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ የሰበታ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ ከእንግሊዝ ተራሮች ሁሉ ከእጥፍ በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ተኝቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ተራሮች በሩጫ ስሙ የገነነው እንጦጦ ነው። ማለዳ በባሕር ዛፉ መካከል ያለፈ ሰው ሯጮች እንደ ጕንዳን ተከታትለው፣ በቀጥታ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ በየዛፉ ሥር ሲሹለከለኩ ማየቱ አይቀርም። ይህ መታጠፍ ለጨዋታ አይደለም። እግር በየርምጃው አዲስ መሬት ስለሚረግጥ አሳብ አይባክንም፤ ዳገቱም በአንድ ጊዜ ትንፋሽ ሳይቈርጥ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ከተራራው ጀርባ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። በእንጦጦ ጫፍ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ የደቡቡ ወደ አዋሽ ወርዶ በአፋር በረሃ ሲቀር፣ የሰሜኑ በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ምስር ይጓዛል። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሳለ ከሱሉልታ ኮረብታዎች ወደ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያም በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሠልጥኖ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ይኸውም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ዛሬም በሱሉልታ የሩጫ ሰፈሮች ተሠርተዋል፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ሜዳ አሠርቶበታል።

የደጋው አየር ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልናገር። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ኵላሊት ይህን ጕድለት ዐውቆ መልእክቱን ወደ አጥንት መቅኔ ይልካል፤ መቅኔውም ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ይሠራል። በደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ይህን ሀብት ያለ ድካም አግኝተነዋል። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በዚህ ተመክቶ በመጀመሪያው ቀን ዳገት ቢሮጥ ደረቱን ይዞ ይመለሳል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሄድሁት በእግር ብቻ ነበር፤ ሶምሶማ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በቡራዩ በኩል ስለ ገፈርሳ ዳርቻ ለመናገር የተሰጠኝ ጊዜ አይበቃም። ወደ ፉሪ እንሂድ።

ወደ ጂማ የሚወስደው መንገድ ከከተማው እንደ ወጣ ወጨጫን በስተቀኝ ፉሪን በስተግራ ትቶ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ያመራል። ሙያተኞቹ ሯጮች ረጅሙን የአስፋልት ልምምዳቸውን በሰበታ በኩል ያደርጋሉ፤ የእኔ ግን ኮረኮንቹ ነው። ስፍራውን የማያውቅ አድማጭ ቢኖር፣ የጂቡቲው ባቡር መንገደኞቹን የሚያሳፍርበትን የፉሪ ለቡ ጣቢያ ምልክት ያድርግ፤ የባቡሩ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ነው። ፉሪ ራሱ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃሎ በስሙ ክፍለ ከተማ ቆሞለታል።

ከአንድ የሒሳብ ሹም ጎረቤቴ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እንነሣለን። ከዚያ በፊት አንነሣም፤ ጅብ ገና ወደ ጕድጓዱ አልገባምና። መጀመሪያ ቤቶቹ እስኪያልቁ ድረስ በኮረኮንቹ ላይ ቀስ ብለን እንሮጣለን። ከዚያ በኋላ መሬቱ መረሬ ይሆናል፤ በክረምት ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ማጥ ነው፤ በየካቲት ግን እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል። የሚመረጠው ወራት ከመስቀል እስከ ኅዳር ነው። ጠል ያዘለ ሣር፣ ያልታጨደ ጤፍ፣ በየድንበሩም አደይ አበባ። ጤፉን ላለመርገጥ በድንበሩ ላይ አንድ ባንድ ሆነን እናልፋለን፤ የሚያጋጥመንን ገበሬ ሁሉ «አካም ቡልታን» ብለን እንሳለማለን፤ እርሱም መልሶ ውሾቹን ይይዝልናል። ሰላምታውን ሳልማር በሄድሁበት ጊዜ ውሾቹ ራሳቸው አስተምረውኛል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ በባቴ ላይ አለ።

ዳገቱን የምንሮጠው ግማሹን ነው፤ የቀረውን እጃችንን በጕልበታችን ላይ አድርገን እንወጣዋለን። ከላይ ሲደረስ በሰሜን ከተማው በሙሉ ከእንጦጦ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። በምዕራብ የወጨጫ ጥቍር ደን አለ፤ በዚያ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በተተከለ ጽድ እንደ ተጀመረ ይተረካል። በደቡብ ምዕራብ የበቾ ሜዳ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ ዝቋላ እንደ ተደፋ ገበታ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ጎረቤቴ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ስለ ወር መጨረሻ ሒሳብ ያነሣል፤ ምክንያቱን እስካሁን አላወቅሁትም።

የምንወርድበት መንገድ ከብት ወደ ውሃ የሚነዳበት፣ ሴቶች ወተት ወደ ከተማ የሚያወርዱበት ቀጭን መንገድ ነበር። ነበር ያልሁት ስላለቀ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ስንወርድ መንገዱ በቆርቆሮ አጥር ተዘግቶ አገኘነው። ጥበቃውን «ወንድሜ፣ መንገዱ የት ሄደ?» ብንለው፣ «እዚህ መንገድ የለም፣ ጋሼ» አለን። «ባለፈው ሳምንት ነበረ እኮ» ብንለውም፣ «ባለፈው ሳምንት እኔ አልተቀጠርሁም» ብሎ መለሰልን። ልጁ አልዋሸም። ከእኛ በኋላ አንዲት እናት የወተት ጀሪካን አዝለው መጡ፤ አጥሩን ጥቂት ጊዜ ቆመው ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ ዞረው ዳገቱን መልሰው ወጡ። ዙሪያው አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል።

በሥራዬ ምክንያት የቦታ ፕላኖች በእጄ ያልፋሉ። ሰኞ ዕለት የዚያን አካባቢ ፕላን ፈልጌ ብመለከት ስፍራው ነጭ ነው፤ አንዲት መሥመር እንኳ አልተሰመረበትም። እንደዚህ ያለውን ነጭ ስፍራ አይቼ «ተመልክቼዋለሁ» ብዬ ስንት ጊዜ እንደ ፈረምሁ መቍጠር አልቻልሁም። የተመለከትሁት ወረቀቱን ነበር። በዚህ አካባቢ የመሬት ነገር ለገበሬው ከባድ ሐዘን ያመጣ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ መሬቱን ያጣው ሰው ጕዳይ መሮጫውን ካጣው ሰው ጕዳይ እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ መንገዱን ያጡት ሁለቱም ናቸው፤ እኒያ እናትም ሦስተኛ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ይህ ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቷል። ሚያዝያ 16 ቀን 1924 ዓ.ም. አራት መቶ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተር ሠራተኞች፣ ባለርስቶች የከለከሉትን የኪንደር ስካውትን ተራራ በጠራራ ፀሓይ ወጡበት፤ አምስት ወጣቶች በዚህ ምክንያት ታሰሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ቦብ ግራሃም የሚባል የኬዚክ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት 42 ተራሮችን ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዞሮ ተመለሰ፤ ወደ 106 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን ዙር ሯጮች እስከ ዛሬ ይሞክሩታል። በ1967 ዓ.ም. ጆስ ኔይለር የሚባል በግ አርቢ በአንድ ቀንና ሌሊት 72 ተራሮችን ሮጠ። ሩጫውን ግን ያቆየው የሯጮች ጕልበት ብቻ አይደለም፤ የጸሐፊዎችም ሥራ ጭምር ነው። በሕጋቸው ሕዝብ ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳይከለከል ለ20 ዓመት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ እንደ ሆነ ይገመታል። በ1942 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የየአውራጃው ሹማምንት እንዲህ ያሉትን መንገዶች መርምረው በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። በእንግሊዝና በዌልስ ዛሬ በካርታ የተመዘገበው የሕዝብ መንገድ ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው የሚያልፈውም በግል እርሻ ውስጥ ነው። ባለእርሻው ያርሳል፤ መንገዱን ግን አይዘጋም።

የእኛ አገር የመሬት ሥርዓት ሌላ ስለ ሆነ የእነርሱን ሕግ እንቅዳ አልልም። እኔ የጠየቅሁት ከዚህ ያነሰ ነው። ፕላን ለፊርማ ከመቅረቡ አስቀድሞ አንድ ሠራተኛ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ቦታውን በእግሩ ዞሮ፣ ወደ ውሃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚወስዱትን የእግር መንገዶች በፕላኑ ላይ እንዲያሰምር ነው። ወጪው የአንድ ቀን አበልና አንድ እርሳስ ነው። ይህንኑ ጽፌ በታኅሣሥ ለሚመለከተው ክፍል አቀረብሁ፤ ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ያሰመርነውን የፉሪን ካርታም አያይዣለሁ። በካርታው ላይ አሥራ አንድ መንገዶች አሉ፤ አራቱ ከወዲሁ ተዘግተዋል። መልስ ገና አልመጣም።

እስከዚያው ግን ሰባቱ ክፍት ናቸው። በመጪው ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እንነሣለን፤ የሦስተኛ ፎቁ ባልደረባዬም ለመምጣት ቃል ገብተዋል። አብሮን መሄድ የሚወድ ሁሉ ያረጀ ጫማና አንድ በትር ይዞ ይምጣ።