«ደኅና ትመስያለሽ እኮ»

(በምዕመናንና በፕሮጀክት ሠራተኞች የጋራ ስብሰባ ላይ ከአንዲት እህት የቀረበ ንግግር)



ስለ ሕመሜ እንድናገር ስጠየቅ ፈርቼ ነበር። ዛሬ የምጠቅሰውን ቃል ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ተናግራችሁት ይሆናል። ላሳፍራችሁ አልመጣሁም፤ እኔም ሳልታመም በፊት ለሌሎች ተናግሬዋለሁ።

በሽታዬ ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። በልጅነት በሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም ጉሮሮን ካቆሰለ በኋላ፣ ሰውነት ጀርሙን ልዋጋ ብሎ ሲነሣ ስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። (ጉሮሮው የታመመ ልጅ ያላችሁ፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።) ጠባሳው ከውጭ አይታይም። ፊቴ ወዛም ነው፤ ዳገት ስወጣ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ትራስ ደራርቤ እንደ ተቀመጥሁ የሚነጋብኝም ሌሊት አለ።

ታዲያ ሰው የሚለኝን ስሙ። «ወፍረሽ የለም እንዴ? ምን ሆንሁ ነው የምትይው?» «የልብ ድካም የሽማግሌ ነው።» «ውሃ ላለመቅዳት ነው።» ይህን የሚል ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን ተናገረ። ቀድሞ እንዲያምኑኝ ብዬ የሐኪም ወረቀቴን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እዞር ነበር። ወረቀቱ ተጨማደደ እንጂ ያመነኝ የለም። ዛሬ «ሕመሜ ልቤ ውስጥ ነው፤ ቀስ ካልህልኝ አብሬህ እሄዳለሁ» ብዬ እተወዋለሁ።

የከበደኝ ግን ከጸሎት ቤት የመጣው ነው። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ እወጋለሁ። የተጎዳውን የልብ በር አያድንም፤ ትኩሳቱ ተመልሶ ጉዳቱ እንዳይብስ ይጠብቃል። አንድ ቀን የማከብራቸው ሽማግሌ «ልጄ፣ ከተጸለየልሽ በኋላ መርፌ ምን ያደርግልሻል? በማን ነው የምታምኚው?» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉኝ፤ ስለዚህም ነው ቃላቸው ልቤ የገባው። ሦስት ወር ከመርፌው ቀረሁ። በአራተኛው ወር ጉልበቴ አብጦ፣ በትኩሳት እየነደድሁ ሐኪም ቤት ተወሰድሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ሲጽፍለት፣ እምነትህ አነሰ አላለውም። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በዝምታ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ለእናንተ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲታቀድ፣ ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ እንዲሠራ፣ መሥራት የማይችለው ግን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን እንዲህ ላለው ሥራ ስም ስትመዘግቡ ሰውን በዓይን ብቻ አትለዩ። እንደ እኔ ያለች ልጅ በሕዝብ ፊት «አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» ከተባለች፣ ድንጋዩን ትሸከማለች እንጂ አትመልስም። ለብቻዋ ጠይቋት፤ የጤና ጣቢያ ወረቀቷንም ተመልከቱላት። መርፌ የምትወጋበት ቀን ከሥራ ቀን ጋር ቢገጥም፣ ቀረች ብላችሁ አትጻፉባት።

እኚያ ሽማግሌ ከሐኪም ቤት ከወጣሁ በኋላ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ብዙ አልተናገሩም፤ እኔም አልወቀስኋቸውም። ሲነሡ መርፌ የምወጋበትን ቀን ብቻ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ባለቤታቸው ደጄ ላይ ይጠብቁኛል። ዳገቱን ቀስ ብለን እንወጣለን። መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለችው ግራር ሥር ስቆም እርሳቸውም ይቆማሉ፤ ለምን ቆምሽ አይሉኝም። የሚመጣው ማክሰኞ ደግሞ ቀጠሯችን ነው።